ምዕራፍ 6፦ ለማን ልጻፍ?

በ1994 (በዚህ ምዕራፍ ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጆሹዋ ክዊትነር የሚባል የኒውዮርክ ጋዜጠኛ ማክዶናልድስ ዶት ኮም የሚለው ስም ባለቤት እንደሌለው አየ። ያኔ ዶሜይን ስም ማስመዝገብ በነጻ ነበር፤ ክፍያ የመጣው በቀጣዩ ዓመት መስከረም ላይ ነው። ክዊትነር ስሙን አፈፍ ከማድረጉ በፊት ለኩባንያው ደወለ። ስልኩ የደረሰው ሕዝብ ግንኙነት ክፍል ነው። በትሕትና አነጋገሩት፤ ኢንተርኔት የሚሉት ነገር እንዲህ ትልቅ ጉዳይ ሆኗል ወይ ብለውም ጠየቁት። «ይህ የኔ ሥራ ነው» የሚል ሰው ግን አላገኘም። ስሙን ራሱ አስመዘገበው፤ ታሪኩንም ዋየርድ መጽሔት ላይ ጻፈው። ማክዶናልድስ የነቃው ከዚያ በኋላ ነው። ክዊትነር ለራሱ ምንም አልወሰደም፤ ኩባንያው ብሩክሊን ለሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የኢንተርኔት መሣሪያ እንዲገዛበት 3,500 ዶላር ሰጥቶ ስሙን ተረከበ።

ታሪኩ ዘወትር የሚወራው ለሳቅ ነው፤ ያ ሁሉ ኩባንያ ተኝቶ ተያዘ እየተባለ። ለስም ሻጭ ግን ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ክዊትነር ስልክ ቁጥር አልቸገረውም፤ የሚሰማው ሰውም አላጣም። የሰማው ሰው ሥራ ጋዜጠኛ ማስተናገድ ስለነበር ጉዳዩ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቀረ። የስሙ አለመያዝ የሚያሳስበው ሰው እዚያው ኩባንያ ውስጥ ኖሮ ቢሆን እንኳ ወሬው አልደረሰውም።

ዛሬም ዶሜይን ስም ለመሸጥ የሚነሳ ሰው የሚሰናከለው እዚሁ ላይ ነው። ስሙ ጥሩ ነው፣ ዋጋውም የሚያዋጣ ነው፣ ገዢ ሊሆን የሚችለው ድርጅትም ይታወቃል። ደብዳቤው ግን የማይመለከተው ሰው እጅ ይገባል፤ ያ ሰው ደግሞ ወደሚመለከተው የማስተላለፍ ግዴታ የለበትም። ከድርጅቱ ስም ጀርባ መፈለግ ያለበት አንድ ሰው ነው፦ ስሙን አለመያዛቸው ሥራውን በየቀኑ የሚያደናቅፍበት፣ ገንዘብ ለማስወጣትም ቃሉ የሚሰማ። በትንሽ ድርጅት እነዚህ ሁለቱ ነገሮች አንድ ሰው ላይ ይገናኛሉ። በትልቅ ድርጅት ግን አንዱ ይቸገራል፣ ሌላው ይፈርማል፣ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱንም ሳያማክር «አያስፈልገንም» ብሎ ይመልሳል።

መጀመሪያ ግን የትኛው ድርጅት እንደሚቸገር ማወቅ ይገባል። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ድርጅቱ ራሱ የሚጠቀምበት አድራሻ ላይ ይታያል። ድሮፕቦክስ ሲጀምር አድራሻው ጌትድሮፕቦክስ ዶት ኮም ነበር፤ አጭሩን ስም ያገኘው በ2009 ነው። ፌስቡክ ዘፌስቡክ ዶት ኮም ነበር፤ ፊት ያለውን «ዘ» ለማስቀረት በ2005 200,000 ዶላር ከፈለ። ቴስላ እስከ 2016 ድረስ ቴስላሞተርስ ዶት ኮም ላይ ቆይቷል፤ ኢሎን መስክ በኋላ በትዊተር እንደገለጸው ቴስላ ዶት ኮምን ለመግዛት ከአሥር ዓመት በላይና 11 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል። እንዲህ ያለ ድርጅት ውስጥ አንድ ሰው አለ፤ ማስታወቂያ ባሳተመ፣ ደንበኛ በስልክ አድራሻ በጠየቀው ቁጥር «የለም፣ ከፊቱ ጌት አለው» እያለ የሚያብራራ። የሚፈለገው እሱ ነው። በዶት ኔት፣ በዶት ኮ ወይም በአገር ምልክት የሚጠቀም፣ ወይም ስሙ ላይ «ግሩፕ» እና «ኦንላይን» የሚል ቅጥያ የለጠፈ ድርጅትም እዚሁ ዝርዝር ውስጥ ይገባል።

አሁን አብዛኛው ሻጭ የሚያደርገውን እንይ። የድርጅቱን ድረ ገጽ ይከፍታል፣ «ያግኙን» የሚለውን ይጫናል፣ ቅጹን ይሞላል፣ ይልካል፣ ይጠብቃል። ወይም በኢንፎ የሚጀምረው ኢሜይል ላይ ይጽፋል። እነዚህ የወል አድራሻዎች ከዘፈቀደ የመጡ አይደሉም። አርኤፍሲ 2142 የተባለው የ1997 የኢንተርኔት ሰነድ ኢንፎ፣ ሴልስ፣ ሰፖርት፣ ዌብማስተር፣ ሆስትማስተር፣ አቢዩዝ እያለ ለእያንዳንዱ ሥራ መደበኛ የፖስታ ሣጥን ስም አስቀምጧል። ሐሳቡ መልካም ነበር። ዛሬ ግን ኢንፎን የሚያነበው ብዙ ጊዜ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ ነው። መልእክቱ ቲኬት ሆኖ ቁጥር ይወጣለታል፤ የሠራተኛው ብቃት ደግሞ የሚለካው ቲኬቱን ስንት ደቂቃ ውስጥ በመዝጋቱ ነው። «ስም እሸጥላችኋለሁ» የሚል ቲኬት ምን እንደሚደረግበት መመሪያ አልተሰጠውም። ዘጋው፣ አለቀ።

ሆስትማስተርን ወይም የአይቲ ክፍሉን መሞከርስ? ዶሜይን ስለሆነ የአይቲ ጉዳይ ይመስላል። ይህ ምርጫ ከኢንፎም ይከፋል እላለሁ። የአይቲው ሰው ለዓመታት የደረሱትን የማጭበርበሪያ ደብዳቤዎች አይቷል፦ የማያውቀው ድርጅት የላከለት የውሸት የእድሳት ሒሳብ፣ «ቻይና ውስጥ አንድ ኩባንያ ስማችሁን ሊያስመዘግብ ነው፣ ቶሎ ካልከፈላችሁ» የሚል ማስፈራሪያ። ዶሜይን የሚል ቃል ያለበት የማያውቀው ኢሜይል ሲመጣ እጁ የሚሄደው ወደ ማጥፊያው ነው፤ አይፈረድበትም። በዚያ ላይ የማርኬቲንግ ሰው የሚጨነቅበት የስም ማጠር ለእሱ ተጨማሪ ሥራ ነው፤ ሁሉም ሰው ኢሜይሉን ይቀይራል፣ አሮጌው አድራሻ ወደ አዲሱ ይመራል፣ የሚያዛውረውም እሱ ነው።

የድሮ ሻጮች ይህ ሁሉ አይገጥማቸውም ነበር። ሁዊዝ የሚባለው የባለቤትነት መዝገብ ለማንም ክፍት ስለነበር የስሙን ባለቤት፣ ኢሜይሉንና ስልኩን ያሳያቸው ነበር። የድርጅቱ ሌላ ስም በማን እንደተመዘገበ አይቶ ለዚያ ሰው መደወል ነበር። የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ በግንቦት 2018 ሥራ ላይ ሲውል ያ በር ተዘጋ፤ ስሞችና ስልኮች ከመዝገቡ ላይ ተሸፈኑ። በጥር 2025 ደግሞ ለዶት ኮምና መሰሎቹ የሁዊዝ ግዴታ ቀርቶ አርዳፕ የተባለው አዲስ ሥርዓት ተተካ። አርዳፕም ቢሆን የሰው ስም አይነግርዎትም።

ሆኖም መዝገቡ አሁንም አንድ ጠቃሚ ነገር ይናገራል፦ የድርጅቱን ስም የያዘለት መዝጋቢ ማን እንደሆነ። እዚያ ማርክሞኒተር ወይም ሲኤስሲ የሚል ካዩ ድርጅቱ ስሞቹን በሕግ ክፍሉ በኩል፣ በባለሙያ እጅ እንደሚያስተዳድር ይወቁ። እነዚህ መዝጋቢዎች ግለሰብ ደንበኛ አያስተናግዱም፤ የሚሠሩት ከትልልቅ ኩባንያዎች ጋር ነው። እንዲህ ያለ ኩባንያ ውስጥ ዶሜይን ማኔጀር ወይም የንግድ ምልክት ጉዳይ ኃላፊ የሚባል ሰው አለ፤ ደብዳቤዎንም እንደ ስጋት ወይም እንደ ዕድል መድቦ የሚያየው እሱ ነው። ስሙ በተራ የችርቻሮ መዝጋቢ ከተያዘ ግን ያስመዘገበው ምናልባት መሥራቹ ራሱ ነው፤ ከዓመታት በፊት፣ በግል ክሬዲት ካርዱ። ይህችን መስመር ለማየት ግማሽ ደቂቃ ይበቃል፤ ሻጮች ግን ሲያልፏት ነው የማየው።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ የድርጅቱ መጠን ነው። ከትንሹ ልጀምር፤ ሽያጭ በብዛት የሚገኘውም እዚያ ነው።

አሜሪካ ያሉ ብዙ የአገራችን ሰዎች የተሰማሩበትን የጭነት መኪና ሥራ እንውሰድ። እንበል ለአንድ የትራንስፖርት ድርጅት የሚስማማ አጭር ዶት ኮም ይዘዋል፤ በዚያው ስም የሚሠራ ድርጅት ደግሞ ከኋላው ሦስት ፊደል ጨምሮ በረዘመ አድራሻ እየተጠቀመ ነው። ድረ ገጹ ላይ ያለው አንድ ቅጽና ያረጀ የትራክ ፎቶ ብቻ ነው። ፎቶውን አጉልተው የትራኩን በር ይዩ፤ ዩኤስዶት የሚል ቁጥር ተጽፎበታል። በፌዴራል ሕግ ከግዛት ግዛት የሚሠራ የንግድ ተሽከርካሪ ሁሉ ያንን ቁጥር በሁለቱም ጎን ማሳየት አለበት። ቁጥሩን ይዘው የፌዴራል የሞተር ትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደር ሴፈር በሚለው ገጹ ላይ ቢያስገቡ የድርጅቱ ሕጋዊ ስም፣ የሚታወቅበት የንግድ ስም፣ አድራሻውና ስልኩ ይወጣሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ስንት ትራክና ስንት ሾፌር እንዳለው መጻፉ ነው። ሁለት ትራክና ሁለት ሾፌር ካለ ባለቤቱ ራሱ መሪ ጨብጦ ነው። ስድሳ ትራክ ካለ ግን ቢሮ አለ፣ ዲስፓቸር አለ፣ የሒሳብ ሰው አለ፤ ምናልባት ሾፌር ለመመልመል የተቀጠረ ሰውም ይኖራል። አጭር ስም የሚያስፈልገው ደግሞ ለዚያ መልማይ ነው፤ ሾፌሩ እየነዳ በሬዲዮ የሰማውን አድራሻ ማስታወስ አለበትና።

ባለ ሁለት ትራኩ ጋ ሲደወል ስልኩን የምታነሳው ብዙ ጊዜ ሚስት ናት።

«ጤና ይስጥልኝ፤ ሥራ ላይ ያዝኩዎት ይሆን?»

«አይ፣ ምን ልርዳዎት?»

«የድርጅታችሁ ስም ያለምንም ተቀጥላ ዶት ኮም ሆኖ እኔ ጋ ነው ያለው። ልሸጠው አስቤ ነበር፤ ለሌላ ከመስጠቴ በፊት እናንተን ልጠይቅ ብዬ ነው። ለማን ልንገር?»

«እሱ አሁን ኦክላሆማ ላይ ነው፤ ማታ ሲያቆም ነው የሚያወራው። ግን ዌብሳይቱን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ስንት ነው?»

ከዚህ በኋላ ሰውዬውን መጠበቅ አያስፈልግም። «ዌብሳይቱን የምይዘው እኔ ነኝ» ያለችው ሴትዮ የምትቸገረውም ናት፣ ማታ ባሏን የምታሳምነውም ናት። ዋጋውን ለሷ ይንገሯት፣ ከዚያም ሁለቱም እንዲያዩት በጽሑፍ ይላኩላት። በነገራችን ላይ ሾፌር በሕግ በአንድ ፈረቃ ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት አይፈቀድለትም፤ ስምንት ሰዓት ከነዳ በኋላም የግማሽ ሰዓት ዕረፍት መውሰድ አለበት። ባለቤቱን ራሱን ማግኘት ግድ ከሆነ ከቀትር በኋላ በዚያ ዕረፍት ሰዓቱ መደወል ጠዋት ከመደወል ይሻላል።

ሌሎች የሥራ ዘርፎችም ተመሳሳይ መዝገብ አላቸው። የቤት ለቤት የጤና እንክብካቤ ድርጅት ወይም ክሊኒክ ከሆነ ኤንፒአይ የሚባለው የጤና አገልግሎት ሰጪዎች ብሔራዊ መለያ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ የሚፈለግበት የፌዴራል ገጽ ለድርጅቱ የመፈረም ሥልጣን ያለውን ሰው በስሙ፣ በማዕረጉና በስልኩ ያሳያል። ምግብ ቤት ከሆነ መዝገብም አያስፈልግም፤ ከምሳ ግርግር በኋላ፣ ከእራት በፊት መደወል ነው።

የኩባንያ መዝገቦች ግን እንደየቦታው ይለያያሉ። እንግሊዝ ውስጥ ካምፓኒስ ሃውስ የዳይሬክተሮችን ስም በነጻ ያሳያል። ካሊፎርኒያም የሥራ አስኪያጁን ስም የያዘውን መግለጫ በነጻ ለማውረድ ትፈቅዳለች። ዴላዌር ላይ ግን የሚገኘው የድርጅቱ ሕጋዊ ወኪል ብቻ ነው፤ ለብዙ ሺህ ኩባንያዎች ደብዳቤ የሚቀበል ቢሮ ማለት ነው። ለእሱ መጻፍ ወደ ጉድጓድ መጮህ ነው። አሜሪካ ውስጥ አክሲዮናቸው ለሕዝብ የሚሸጥ ኩባንያዎች የኃላፊዎቻቸውን ስም ኤድጋር በሚባለው መዝገብ ላይ ስለሚያሳውቁ እነሱ ጋ ስም ማጣት የለም፤ ችግሩ ከአሥሩ ስም የትኛው እንደሆነ መምረጥ ነው።

መካከለኛው ድርጅት፣ ማለትም ከሃምሳ እስከ ጥቂት መቶ ሠራተኛ ያለው፣ ለኔ ከሁሉም የተመቸ ነው። እዚያ የማርኬቲንግ ኃላፊው በጀት አለው፣ ሥራ አስኪያጁም ከሱ ሁለት በር ነው የሚርቀው። ሊንክድኢን ላይ ማዕረጉን ብቻ ሳይሆን መቼ እንደተቀጠረ ይዩ። ሦስት ወር የሞላው የማርኬቲንግ ኃላፊ የሚያስመዘግበው ውጤት ይፈልጋል፤ ከሱ በፊት የነበረው ለምን በረጅሙ አድራሻ እንደተስማማም አያውቅም፣ አያስጨንቀውምም። ስምንት ዓመት የቆየው ግን ረጅሙን አድራሻ የመረጠው እሱ ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ለሱ ደብዳቤዎ ወቀሳ ሆኖ ነው የሚነበበው። ድርጅቱ በቅርቡ አዲስ ባለሀብት ካስገባ፣ ስሙን ወይም አርማውን ከቀየረ፣ ወደ ሁለተኛ ከተማ ከሰፋ በዚያው ሰሞን ይጻፉ። ከስድስት ወር በኋላ የንግድ ካርዱ ታትሟል፣ መኪናው ላይ ተለጥፏል፤ ያኔ ነገሩ ከባድ ነው።

የሰውየውን ስም ካወቁ ኢሜይሉ አይርቅም። ከጋዜጣዊ መግለጫዎቻቸው ግርጌ ላይ የአንድ ሠራተኛ አድራሻ ይኖራል፤ ከዚያ ድርጅቱ ስምን ከአባት ስም ጋር በነጥብ እያያያዘ ይሁን በመጀመሪያ ፊደል እያሳጠረ አሠራሩ ይታወቃል። አድራሻ አረጋጋጭ ነን የሚሉ አገልግሎቶችን ግን ብዙ አይመኑ፤ ያልተፈጠረ አድራሻን ሳይቀር ሁሉን የሚቀበሉ የኢሜይል ሰርቨሮች ስላሉ «አድራሻው ትክክል ነው» የሚለው መልስ ዋስትና አይሆንም። ከዚህ ሁሉ ይልቅ እንግዳ ተቀባይዋ ጋ ደውሎ «የድረ ገጻችሁን ስም በተመለከተ የሚወስነው ማነው?» ብሎ መጠየቅ ይቀላል። ሰው ይህን ማድረግ ለምን እንደሚፈራ አይገባኝም።

ፍለጋው ሌላም ጥቅም አለው፤ ጨርሶ መጻፍ የሌለብዎት መቼ እንደሆነ ይነግርዎታል። የአሜሪካ የፓተንትና ንግድ ምልክት ቢሮ መዝገብ ላይ የድርጅቱን ስም ሲፈልጉ ምልክቱ መቼ እንደተመዘገበና ጠበቃው ማን እንደሆነ ያገኛሉ። ጠበቃውን እንደ መገናኛ አይዩት፤ ቀኑን ይዩት። የነሱ ምልክት ከእርስዎ ምዝገባ ቀድሞ ከሆነና ስሙ እንደ «ጣራ» ወይም «ትራንስፖርት» ያለ የወል ቃል ካልሆነ አደጋ ውስጥ ነዎት።

የዶሜይን ክርክሮችን የሚዳኘው ዓለም አቀፍ ደንብ በ1999 ወጥቶ በዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት በኩል መጀመሪያ የተወሰነበት ጉዳይ ለዚህ ምዕራፍ የተቀመመ ይመስላል። አንድ የካሊፎርኒያ ነዋሪ ዎርልድ ሬስሊንግ ፌዴሬሽን የሚለውን የታዋቂውን የትግል ድርጅት ስም በጥቅምት 1999 በዶት ኮም አስመዘገበ። ከዚያም ለድርጅቱ ጻፈ፦ ስሙን በ1,000 ዶላር ልሽጥላችሁ፤ ክስ ቢመሠረት ደግሞ የሚያስወጣችሁ ከዚህ ይበልጣል የሚል መንፈስ ያለው። ደብዳቤው ትክክለኛው ሰው ዘንድ ደረሰ። ችግሩም መድረሱ ነበር። ደንቡ ስምን በዋነኝነት ለንግድ ምልክቱ ባለቤት ከወጪ በላይ ለመሸጥ ብሎ ማስመዝገብን የክፉ ልቡና ማስረጃ አድርጎ ይቆጥራል፤ ማስረጃውን ደግሞ በገዛ እጁ ጽፎ ሰጣቸው። በጥር 2000 ስሙ ያለ ክፍያ ለትግል ድርጅቱ እንዲተላለፍ ተወሰነ። በአሜሪካ ሕግ የባሰ ነው፤ በዚያው በ1999 የወጣው የስም ወረራ መከላከያ ሕግ ለአንድ ስም ከ1,000 እስከ 100,000 ዶላር ካሣ ያስፈርዳል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ገዢ ሲፈለግ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። ብዙ ድርጅቶች ኢትዮ ቴሌኮም በሚያስተዳድረው ዶት ኢቲ ሥር፣ ማለትም በኮም ዶት ኢቲ፣ ተመዝግበው ዶት ኮሙን ሌላ ሰው ይዞታል። የንግድ ምልክት ጥበቃ እዚህም አለ፤ አዋጅ ቁጥር 501/1998 (ይህ እንኳ በራሳችን አቆጣጠር ነው)። የግል ድርጅት ከሆነ ባለቤቱ የሚገኘው በኢሜይል ሳይሆን በስልክና በቴሌግራም ነው፤ ከዚያም ያለ ፊት ለፊት ውይይት ዋጋ አይቆረጥም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ካልወጣለት እንዳልተጻፈ ነው። የግዥ ክፍል ኃላፊው ቢወደው እንኳ ራሱ ተነስቶ አይገዛም፤ ጠያቂ የሥራ ክፍል መኖር አለበት፤ ዕቃው አንድ ሰው ጋ ብቻ ያለ ስለሆነም ከአንድ አቅራቢ የሚፈጸም ግዥ ሆኖ ምክንያቱ በጽሑፍ መቅረብ አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈለገው ጥያቄውን የሚያነሳው ክፍል ነው፤ ብዙ ጊዜ ኮሙኒኬሽን። ለሱ ሰው ጥያቄውን የሚያቀርብበትን ምክንያት በሁለት መስመር ጽፎ መስጠት ከማንኛውም ቅናሽ ይበልጣል።

ሰውየው ከታወቀ በኋላ የሚጻፈው አጭር ነው። ርዕሱ ላይ ስሙ ብቻ ይቀመጥ። ውስጡ ላይ የስሙ ባለቤት እንደሆኑ፣ እንደሚሸጥ፣ ለምን ለእነሱ እንደጻፉና ዋጋው። ዋጋ ይጠቀስ ወይስ አይጠቀስ የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም፤ እኔ ለትንሽና ለመካከለኛ ድርጅት ይጠቀስ ባይ ነኝ፣ የተቀባዩ የመጀመሪያ ጥያቄ እሱ ነውና። ስምዎንና ስልክዎን በግልጽ ይጻፉ። ለአንድ ሰው ብቻ ይላኩ፤ ሳምንት ጠብቀው ካልመለሰ ለሁለተኛው። በአንድ ጠዋት ለስምንት ሰው ከላኩ ስምንቱ እርስ በርስ ያስተላልፉታል፣ አንዱ «ይሄ አጭበርባሪ ነው» ይላል፣ ያ ቃል ይጸናል።

ሕጉም እንደየአገሩ ነው። የአሜሪካው ካን ስፓም ያልተጠየቀ የንግድ ኢሜይል አይከለክልም፤ ላኪው ራሱን እንዳይደብቅ፣ ርዕሱ እንዳያታልል፣ የፖስታ አድራሻ እንዲኖረው፣ «ከእንግዲህ አትጻፉልኝ» ላለ ሰው በአሥር የሥራ ቀን ውስጥ እንዲያቆም ያዛል። ካናዳ ከ2014 ጀምሮ ፈቃድ ትጠይቃለች፤ ሰውየው አድራሻውን በይፋ ካወጣና ጉዳዩ ከሥራው ጋር ከተያያዘ ግን እንደ ፈቃድ ይቆጠራል። ጀርመን ከሁሉም ጠበቅ ያለች ናት፤ ለድርጅት እንኳ ቀድሞ የተገኘ ፈቃድ ትሻለች። እዚያ የታተመ የፖስታ ደብዳቤ መላክ የተሻለ መንገድ ነው።

ሁሉም በር ተንኳኩቶ የማይከፈትበት ጊዜ አለ። ማይክ ኦኮነር የተባለ አሜሪካዊ ኮርፕ ዶት ኮምን በ1994 ነበር የያዘው። ስሙ ተራ ይመስላል፤ ግን የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ አሮጌ አሠራር ኮርፕ የሚለውን ቃል የውስጥ ኔትወርክ ናሙና ስም አድርጎ ስላስቀመጠው በየድርጅቱ ያሉ ኮምፒውተሮች ከቢሮ ሲወጡ የውስጥ መረጃቸውን ወደዚያ ዶት ኮም መላክ ይሞክሩ ነበር። በ2019 በተደረገ ሙከራ ይህን ሲያደርጉ የታዩት ኮምፒውተሮች ከ375,000 በላይ ነበሩ። ማይክሮሶፍት ቀደም ሲል 20,000 ዶላር አቅርቦለት ኦኮነር አልተቀበለም። በ2020 መጀመሪያ ላይ፣ ሰባ ዓመቱን ሊደፍን ሲል፣ 1.7 ሚሊዮን ዶላር መነሻ ብሎ ለጨረታ እንደሚያወጣው ብራያን ክሬብስ ለተባለው የኢንተርኔት ደኅንነት ጋዜጠኛ ተናገረ፤ ወንጀለኞች እንዳይገዙት እንደሚሰጋም አልደበቀም። ሁለት ወር ሳይሞላ ማይክሮሶፍት ገዛው፤ ዋጋው አልተነገረም። የድሮው ትንሽ ዋጋ የመጣው ስሙን እንደ አንድ ተራ አድራሻ ካየ ክፍል ነው ብዬ እገምታለሁ። ወሬው በአደባባይ ሲወጣ ግን የደኅንነት ጉዳይ ሆነ፤ የሚቸገረው ክፍል ተቀየረ፣ በጀቱም አብሮ ተቀየረ። ይህ መንገድ ግን ለሁሉም የተሰጠ አይደለም፤ የአንድን ድርጅት የተሳሳተ ኢሜይል ሰብስቦ «እየደረሰኝ ነው» ብሎ ማስፈራራት ወደ ፍርድ ቤት ያደርሳል።

መልስ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ከጻፉለት ሰው አይደለም። የማያውቁት ሰው በግል የጂሜይል አድራሻ «ይህን ስም ለትንሽ ሥራ ፈልጌው ነበር፣ ስንት ነው?» ብሎ ይጽፋል። ትልልቅ ኩባንያዎች ዋጋ እንዳይሰቀልባቸው በደላላ ወይም በማይታወቅ ሰው በኩል ይገዛሉ። ለድርጅቱ ከጻፉ በሳምንቱ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከመጣ ሁለቱ ሊገናኙ ይችላሉ፤ ለዚያ ሰው የሚነገረው ዋጋ ለድርጅቱ ከተነገረው ጋር አንድ መሆን አለበት። ማንነቱን እንዲገልጥ ማስጨነቅ አያስፈልግም፤ በኤስክሮው፣ ማለትም ገንዘቡን በመሃል በሚይዝ ሦስተኛ ወገን በኩል ስለሚከፈል ገንዘቡ እስኪገባ ስሙ ከእጅዎ አይወጣም።

ከተስማሙ በኋላ አንድ ሰው ደግሞ ይቀራል። የተስማማው ማርኬቲንግ ነው፣ የሚከፍለው ሒሳብ ክፍል ነው፣ ስሙን የሚረከበው ግን ያ መጀመሪያ የሸሸነው የአይቲ ሰው ነው። እሱ ስለ ሽያጩ ምንም ካልሰማ የዝውውሩን ማረጋገጫ ኢሜይል ሲያይ ማጭበርበሪያ መስሎት ይሰርዘዋል፤ ገንዘቡም ኤስክሮው ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ስለዚህ ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት የማርኬቲንጉን ኃላፊ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ስሙ የትኛው መዝጋቢ ጋ፣ በየትኛው አካውንት ይግባ? የሚረከበውስ ማን ይባላል? ከዚያ ሦስታችሁም ባላችሁበት በአንድ ኢሜይል ያስተዋውቋችሁ።